ኢንዶስኮፒው «እብጠት አለ»፣ ናሙናው ደግሞ «ካንሰር የለም» ሲል፦ ስለ ጂስት እናውራ



በዚህ ገጽ ስለ ጨጓራ ብዙ አውርተናል። ስለ ኤች ፓይሎሪ፣ ስለ ቁስለት፣ ኦሜፕራዞልን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለዓመታት ስለመዋጥ። ዛሬ የምጽፈው ግን ብዙ ስለማይወራለት አንድ የጨጓራ እጢ ነው። ሙሉ ስሙ ጋስትሮኢንተስቲናል ስትሮማል ቲዩመር ይባላል። ምላሳችን እንዳይታሰር በአጭሩ ጂስት እያልን እንቀጥል።

ጂስት በየቀኑ የሚገጥመን በሽታ አይደለም። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው ውስጥ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ከነዚህ 60 በመቶ ያህሉ ጨጓራ ላይ፣ 30 በመቶ ያህሉ ደግሞ ትንሹ አንጀት ላይ ይወጣል። አብዛኛው ታማሚ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ነው፤ ወጣት አይነካም ማለት ግን አይደለም። «በሚሊዮን 10 ሰው ለሚይዝ በሽታ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» ካላችሁ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ይህ እጢ ሁላችንም የምናምነውን የኢንዶስኮፒ ናሙና አታልሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ በትክክለኛ ስሙ ከተጠራ ሕክምናው ከተለመደው የጨጓራ ካንሰር ፈጽሞ የተለየ ነው፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ ውጤት አለው። ስሙ ከተሳሳተ ግን ሰውየው የማይሠራለትን ሕክምና ይወስዳል፣ ወይም «ምንም የለብህም» ተብሎ እጢውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የት ነው የሚበቅለው?

ጋቢ አራት ድርብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጨጓራችን ግድግዳም እንደዚያው በዋናነት አራት ድርብ አለው። አንደኛው ከምግብ ጋር የሚገናኘው የውስጠኛው ሽፋን ነው። ከሱ ቀጥሎ ደም ሥሮች የሚያልፉበት ስስ ድርብ አለ። ሦስተኛው ወፍራሙ ጡንቻ ነው፣ አራተኛው ደግሞ የውጪው ሽፋን። «የጨጓራ ካንሰር» ሲባል የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከውስጠኛው ሽፋን የሚነሳው ነው። ጂስት ግን የሚነሳው ከሦስተኛው፣ ከጡንቻው ነው። የዛሬውን ትምህርት ግማሹን የያዘው ይቺ ልዩነት ናት፤ ያዙልኝ።

እዚያ ጡንቻ ውስጥ የካሃል ሴሎች የሚባሉ አሉ። ስማቸው የተወሰደው በ1906 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘው ስፔናዊ ሐኪምና ተመራማሪ ከሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። ሥራቸው ምት መስጠት ነው። ጨጓራችን ምግብ ሲፈጭ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል በሥርዓት ይኮማተራል፤ ከበሮውን የሚመቱት እነዚህ ሴሎች ናቸው። ጂስት ከነዚህ ሴሎች ወይም ወደነሱ ከሚያድጉት ይጀምራል። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ኪት በሚባል ጂን ላይ በሕይወት ዘመን የሚፈጠር ለውጥ ነው። ኪትን ለሴሉ «ተባዛ» የሚል ትዕዛዝ የሚሰጥ ማብሪያና ማጥፊያ ነው በሉት። ሲበላሽ መብራቱ እንደበራ ይቀራል፣ ሴሉም ማንም ሳያዘው ይባዛል።

በነገራችን ላይ ይሄ በሽታ በርበሬ ስለበላችሁ፣ ቡና ስላበዛችሁ ወይም ስለተናደዳችሁ የመጣ አይደለም። ታማሚዎች ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ ቤተሰብም «ነግሬህ ነበር» ሲል ስለምሰማ ነው። በዘር የሚተላለፍበት ሁኔታም አለ፤ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ናሙናው ለምን ያልፈዋል?

ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም ጂስት ሲገጥመው የሚያየው ምን መሰላችሁ? ብዙ ጊዜ ቁስል አይደለም። ከስር የሆነ ነገር የገፋው፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ ጉብታ ነው። ጋቢ ስር ሎሚ እንዳስቀመጣችሁ አስቡት። ጋቢው ደህና ነው፣ ሎሚው ከስር ነው። ሐኪሙ በትንሿ መቆንጠጫ ናሙና ሲወስድ ደግሞ ቆንጥጦ የሚያወጣው ከላይኛው ድርብ ነው። ላቦራቶሪ የደረሰው የጋቢው ክር እንጂ ሎሚው አይደለም። ውጤቱ «ክሮኒክ ጋስትራይተስ፣ የካንሰር ሴል አልታየም» ብሎ ይመጣል። ውሸት አይደለም፤ ለተላከለት ቁራጭ ትክክለኛ መልስ ነው። ስለ ሎሚው ግን ምንም አልተናገረም።

አንድ ታማሚ ላንሳላችሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ አባት ናቸው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ፣ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ጥቂት ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል፣ የዓይናቸው ሽፋን ከውስጥ ሲገለጥ ነጭ ሆኗል። ሂሞግሎቢናቸው 6 ነው። «ሰገራዎ ምን ይመስላል አባባ?» ስላቸው ትንሽ አፈሩና «ልጄ፣ እንደ ሬንጅ ነው። ሳምንት አለፈኝ» አሉኝ። ልጃቸው ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከ8 ወር በፊት ሌላ ቦታ የተሠራ ኢንዶስኮፒ ነው፦ ጨጓራ ላይ 3 ሳንቲሜትር የሚሆን፣ ላዩ ለስላሳ የሆነ ጉብታ። ከኋላው የተያያዘው የናሙና ውጤት ደግሞ ጋስትራይተስ ይላል። «ዶክተር፣ እኛ እኮ ካንሰር የለም ሲሉን እልል ብለን ነው የተመለስነው» አለችኝ። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ስለ ጉብታው መልሶ የጠየቀ የለም፤ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርስ እንደማይገናኙ የነገራቸውም የለም።

ደም ተሰጣቸው፣ ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሱ። ከውስጥ ሲታይ 3 ሳንቲሜትር የነበረው ጉብታ አብዛኛው አካሉ ወደ ውጪ፣ ወደ ሆድ ዕቃ ነበር ያደገው። 7 ሳንቲሜትር። ሎሚ ያልነው ብርቱካን ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ «ሳብሚውኮሳል» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ወይም ሐኪሙ «ከሽፋኑ ስር ያለ እብጠት» ካላችሁ፣ የናሙናው ውጤት ደህና ነው መባሉ ጉዳዩን አይዘጋውም። ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ታዲያ ጉብታው ምንድነው?» ነው። ሳታፍሩ ጠይቁ። ጉብታ ሁሉ ጂስት አይደለም። የስብ እጢ ሊሆን ይችላል፣ ጉዳት የሌለው የጡንቻ እጢ ሊሆን ይችላል፣ ከውጪ ጉበት ወይም ጣፊያ ገፍቶትም ሊሆን ይችላል። ግን መታወቅ አለበት።

ምልክቱስ?

የራሱ ብቻ የሆነ ምልክት የለውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ትንሽ ሲሆን ጭራሽ አይሰማም፣ ለሌላ ጉዳይ ሲመረመሩ በአጋጣሚ ይገኛል። ሲያድግ ከሚታዩት ዋነኛው መድማት ነው። ድንገት ከደማ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚሸት ጥቁር ሰገራ ይመጣል፤ ይሄ ነገ የሚባልበት አይደለም፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብሎ ከደማ ደግሞ ሰውየው የሚያውቀው ድካሙን ብቻ ነው። የአይረን እንክብል የምትወስዱ ሰዎች ሰገራችሁ ቢጠቁር አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ ያደርገዋል፤ እንደ ሬንጅ ማጣበቁና ከባድ ሽታው ነው የሚለየው።

በተለይ ወንድ ከሆናችሁ፣ ወይም የወር አበባ ያቆማችሁ እናቶች ከሆናችሁ፣ በአይረን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ከተገኘባችሁ እንክብል ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ደሙ የት እየሄደ ነው የሚለው መጠየቅ አለበት። ሌሎቹ ምልክቶች ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ የሆድ መሙላት ስሜትና አንዳንዴ ከላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ናቸው። እነዚህ ተልባ እየጠጡ ለወራት የሚታገሷቸው አይደሉም።

ምርመራው እንዴት ይቀጥላል?

ሁለት መሣሪያ አለ። ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ የሚባለው ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ የተገጠመለት ኢንዶስኮፒ ነው። የጋቢውን ድርቦች አንድ በአንድ ለይቶ ያሳያል፣ እጢው ከስንተኛው እንደተነሳ ይናገራል፣ በቀጭን መርፌም ከሎሚው ራሱ ናሙና ይወስዳል። ይሄ መሣሪያ በየሆስፒታሉ አይገኝም። በንጥረ ነገር የሚነሳ ሲቲ ስካን ግን የእጢውን መጠን፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ጋር እንደተጠጋና ወደ ጉበት ወይም ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ተሰራጭቶ እንደሆነ ያሳያል። ጂስት ሲሰራጭ በብዛት የሚሄደው ወደ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው።

«ሳይመረመር እንዴት ይቀደዳል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በምስሉ ላይ ጂስት የሚመስል፣ በቀላሉ ተቆርጦ ሊወጣ የሚችል እጢ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ቀድሞ ናሙና ሳይወስድ ሊያወጣው ይችላል። ይሄ ግዴለሽነት አይደለም፤ የተፈቀደ አሠራር ነው። እጢው ትልቅ ከሆነና በቅድሚያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ወይም ሌላ በሽታ ከተጠረጠረ ግን ናሙናው መቅደም አለበት።

እጢው ወጣ እንበል። ፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ብዙውን ጊዜ ረዣዥም፣ ጫፋቸው የሾለ ሴሎች ያያል። ወረቀቱ ላይ «ስፒንድል ሴል ቲዩመር» ብሎ ይጽፋል። ይሄ የሴሎቹ ቅርጽ መጠሪያ ነው እንጂ የበሽታው የመጨረሻ ስም አይደለም። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው የጡንቻና የነርቭ እጢዎች አሉ። የሚለየው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል ልዩ ማቅለሚያ ነው። ሲዲ 117 (ያው ኪት ነው) እና ዶግ 1 የሚባሉት ከቀለሙ ጂስት ነው ማለት ነው፤ 95 በመቶ ያህሉ ጂስት ለሲዲ 117 ይቀልማል። ይህን ቀለም የማይሠሩ ላቦራቶሪዎች ስላሉ ውጤታችሁ «ስፒንድል ሴል» ላይ ከቆመ ማቅለሚያው የት እንደሚሠራ ጠይቁ። እዚህ ላይ ማቆም ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደመቅረት ነው።

ቀዶ ሕክምናው

ሰው «የጨጓራ እጢ ቀዶ ሕክምና» ሲባል ጨጓራው ተጠራርጎ የሚወጣ ይመስለዋል። በተለመደው የጨጓራ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ሰፊ ቆረጣ ያስፈልጋል፣ በዙሪያው ያሉ የሊምፍ ዕጢዎችም ይለቀማሉ። ጂስት ግን በሊምፍ የሚሰራጨው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ እጢውን ከትንሽ ጤነኛ ጠርዝ ጋር ቆርጦ አውጥቶ ጨጓራውን መስፋት ይበቃል። የበሰበሰውን የድንች ክፍል ቆርጣችሁ ቀሪውን እንደምትጠቀሙበት ማለት ነው። ጨጓራው ይቀራል፣ ሰውየውም ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው ምግቡ ይመለሳል። እጢው ጨጓራና ጉሮሮ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ያኔ ቆረጣው ሊሰፋ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ለቀዶ ሐኪሙ እንደ ሕግ ነው፦ እጢው መፈንዳት የለበትም። ጂስት ስስ ልባስ ያለው፣ ውስጡ ለስላሳና በቀላሉ የሚደማ ነገር ነው። በእጅ ጠንክሮ ከተያዘ ይቀደዳል። ከተቀደደ ደግሞ ሴሎቹ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይበተናሉ። የጤፍ ኬሻ ሲቀደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምንም ያህል ብትጠርጉ አንዷ ፍሬ የሆነ ስንጥቅ ውስጥ ትቀራለች። የተቀደደ ጂስት ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። በትንንሽ ቀዳዳ በላፓራስኮፒ ሲወጣም በከረጢት ተደርጎ የሚወጣው ለዚህ ነው። «በትንሽ ቀዳዳ ይሠራልኝ» ብላችሁ ድርቅ ከማለታችሁ በፊት የእጢው መጠንና ቦታ እንደሚፈቅድ ቀዶ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከ2 ሳንቲሜትር በታች የሆነና አስጊ ገጽታ የሌለው የጨጓራ ጉብታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይቀደድ በቀጠሮ ይታያል። «ተዉት አሉኝ» ብላችሁ እንዳትከፉ፤ ቀጠሯችሁን ግን እንዳትዘሉ።

ያ የማይታመነው መድኃኒት

እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ የተሰራጨ ጂስት ያለበት ሰው ብዙ ተስፋ አልነበረውም። የተለመደው ኬሞቴራፒ እምብዛም አይሠራም፤ ጨረርም የሱ ዋና ሕክምና አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የኪት ጂን ለውጥ የጂስት ሞተር እንደሆነ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ኢማቲኒብ የሚባል እንክብል (ግሊቬክ በሚለው የንግድ ስሙ ነው ብዙ ሰው የሚያውቀው) ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት እየተሞከረ ነበር። ይሄው መድኃኒት የበራውን የኪት ማብሪያም ያጠፋል። በ2000 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ፊንላንድ ውስጥ በሽታው የተሰራጨባት፣ ሌላ ሕክምና ያልሠራላት አንዲት ሴት መድኃኒቱን ጀመረች። እጢዎቿ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ጀመሩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ለጂስት ፈቀደው። ከአንድ ታማሚ እስከ ፈቃድ ሁለት ዓመት ብቻ! የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ይህን ታሪክ ሳነብ ፊልም ነበር የመሰለኝ።

ዛሬ ኢማቲኒብ በሦስት ቦታ ይገባል። የተሰራጨ በሽታ ላለበት፣ እጢው በጣም ትልቅ ወይም አስቸጋሪ ቦታ ላይ ለሆነበት ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማሳነስ (ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር)፣ እና እጢው ወጥቶለት ተመልሶ የመምጣት አደጋው ከፍተኛ ለሆነ ሰው። ለዚህ ለመጨረሻው ቡድን 3 ዓመት መውሰድ 1 ዓመት ከመውሰድ እንደሚሻል በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 92 በመቶ ሲሆኑ 1 ዓመት ብቻ የወሰዱት 82 በመቶ ነበሩ።

አደጋው ከፍተኛ ነው የሚባለው በምን ይታወቃል? በመጠኑ፣ ሴሎቹ በሚባዙበት ፍጥነት፣ በተነሳበት ቦታ፣ እና ተቀዶ እንደሆነ። ቦታው ምን ያህል እንደሚለይ ልንገራችሁ፦ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚባዛ ጂስት ጨጓራ ላይ ከሆነ የሚሰራጨው ከ100 ሰው 4 ያህል ላይ ነው። ያው መጠን፣ ያው ፍጥነት ትንሹ አንጀት ላይ ከሆነ ግን 24 ያህል ላይ። ስለዚህ የጎረቤታችሁን ውጤት ከእናንተ ጋር አታወዳድሩ። ቅድም ያነሳኋቸው አባት እጢው ሳይቀደድ በሙሉ ወጣላቸው፣ ሲዲ 117 ቀለመ፣ የሴሎቹ ፍጥነትም ዝቅተኛ ሆነ። እንክብል አላስፈለጋቸውም፤ በሲቲ ስካን ክትትል ላይ ናቸው። «ብቻ ጨጓራዬ አለ?» ብለው ነበር ከሰመመን ሲነቁ የጠየቁት።

ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ኢማቲኒብ ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚወሰደው። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ጾም ላይ ያላችሁ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከምትመገቡበት ሰዓት ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ ረመዳን ላይም እንደዚያው። ግን በራሳችሁ አትወስኑ፣ ከሚከታተላችሁ ሐኪም ጋር ሰዓቱን ተነጋገሩ። የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የጡንቻ መኮማተርና ተቅማጥ የተለመዱ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይታከማሉ። የደምና የጉበት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በምትወስዱበት ጊዜ እርግዝና አይመከርም። ባህላዊ መድኃኒትም ሆነ ሌላ እንክብል ከመጨመራችሁ በፊት ተናገሩ፤ ከኢማቲኒብ ጋር የሚጋጩ ብዙ ናቸው።

በሽታው የተሰራጨበት ሰው «እጢው ቀነሰ» ሲባል መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። ማብሪያው ጠፋ እንጂ አልተነቀለም፤ ሲቆም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያድጋል።

ኢማቲኒብ ለሁሉም ጂስት ይሠራል? አይ። ከኪት ውጪ ፒዲጂኤፍአርኤ የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ያላቸው አሉ፤ ከነሱ ውስጥ ዲ842ቪ የሚባለው ለውጥ ለኢማቲኒብ አይታዘዝም። ለሱ የተሠራ አቫፕሪቲኒብ የሚባል ሌላ መድኃኒት በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ለዚህ ነው ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ መድኃኒት ገዝተው ከመላካቸው በፊት የጂን ምርመራ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ያለባችሁ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከዋናው ኩባንያ ውጪ የሚመረት ኢማቲኒብም አለ፤ ከዋናው እኩል የሚሠራ ነው። ማሸጊያው ላይ ስሙንና ሚሊግራሙን ግን አይታችሁ ተቀበሉ።

የጂን ምርመራም ሆነ የቀለም ምርመራ የሚሠራው በሰም ውስጥ ከተቀመጠው የእጢ ቁራጭ ነው፤ ፓራፊን ብሎክ ይባላል። ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ምርመራ ሲታዘዝ ላቦራቶሪውን ብሎኩን ጠይቁ፣ የፓቶሎጂ ቁጥሩንም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ብሎኩን ከተቀበላችሁ ደግሞ መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ አታስቀምጡት። ሰም ነው፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል።